ባዶ ፓፎች በፌስታል

በዚህ ወር ስለ አስምና አለርጂ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከባለሙያዎች ናቸው። ከጤና ጣቢያ፣ ከፋርማሲ፣ ከሕፃናት ክፍል። አንዷ ከአሜሪካ ጽፋለች። ለሁሉም መልስ መስጠት ስላልቻልኩ አምስቱን መረጥኩ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ታገሡኝ። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። የ34 ዓመት አስተማሪ ታካሚ አለችኝ። በየወሩ እየመጣች ሳልቡታሞል ፓፍ ታጽፋለች። "እሱ ይበቃኛል፣ ሌላ አልፈልግም" ትላለች። ሌሊት ሌሊት ግን ሳል እንደሚቀሰቅሳት ነግራኛለች። አዲሱ መመሪያ ሳልቡታሞል ብቻውን አይታዘዝም ይላል ሲሉ ሰማሁ። እኛ ጋ ቡዴሶናይድ የሚባለው ስቴሮይድና ትንፋሽ ከፋቹ ፎርሞቴሮል አንድ ላይ ያሉበት ፓፍ የለም። ምን ላድርግላት?

መልስ፦ የሰሙት ልክ ነው። አዲስ ግን አይደለም። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ይህን የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከዚያ ወዲህ ለአዋቂም፣ ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆችም ሳልቡታሞልን ብቻውን መስጠት አይመከርም። አስሙ ቀላል ቢሆንም። እኔ የተማርኩት ሌላ ነበር። "ለቀላሉ ሳልቡታሞል ስጥ፣ ሲብስ ስቴሮይድ ጨምር" ነው የተባልነው። ስቴሮይድ የቧንቧውን እብጠት የሚያበርደው መድኃኒት ነው። ስንቱን ሰው እንዲያ ብዬ ሸኘሁት።

አንድ ታካሚ ነበሩኝ። የ52 ዓመት የታክሲ ሹፌር። ለዓመታት እኔ ጋ ተመላልሰዋል። በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ግራ ገባኝና "ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይምጡ" አልኳቸው። ጥቁር ፌስታል ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት። ሁሉም ባዶ የሳልቡታሞል ፓፍ ነው። አብረን ቆጠርን። 17። የአንድ ዓመት መሆኑ ነው። "ለምን አልጣሏቸውም?" አልኳቸው። "ዶክተር፣ ያቆዩኝ እነሱ አይደሉም እንዴ? እንዴት ብዬ እጥላለሁ!" አሉኝ። ካዘዙላቸው ሐኪሞች አንዱ እኔ ነበርኩ።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። አንዱ ፓፍ 200 ጊዜ ይነፋል። 17ቱ 3,400 ነው፤ በቀን ከ9 ጊዜ በላይ ማለት ነው። በዓመት 3 እና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ማገርሸት የተጋለጠ ነው። 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የመሞት አደጋውም ይጨምራል። የእርስዎ አስተማሪ በየወሩ አንድ ትወስዳለች። በዓመት 12 መሆኑ ነው። እንግዲህ "ይበቃኛል" የምትለው ይህንን ነው።

ምክንያቱን ለታካሚ ሳስረዳ ማድቤት እገባለሁ። አስም የአየር ቧንቧ ውስጠኛው ግድግዳ ማበጥና መቆጣት ነው። ሳልቡታሞል በቧንቧው ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ያላላል። ያበጠውን አይነካውም። እሳቱን ትቶ ጭሱን ማራገብ ነው። ጭሱ ለጊዜው ገለል ይላል፣ እሳቱ እዚያው ነው። በዚያ ላይ አዘውትረው ሲወስዱት ሰውነት ይለምደዋል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወጣቶች በአስም በብዛት ሲሞቱ፣ ፌኖቴሮል የሚባለው የሳልቡታሞል ዘመድ ተጠርጥሮ ነበር። አጠቃቀሙ ሲገደብ ሞቱም ቀነሰ።

እና ምን ያድርጉላት? ቤክሎሜታዞን የሚባለውን የስቴሮይድ ፓፍ ያፈላልጉ። ርካሹ እሱ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚያመው ሰው "ሳልቡታሞል በነፉ ቁጥር ወዲያው ቤክሎሜታዞኑንም ይንፉ" ማለት ይቻላል፤ መመሪያው ይፈቅዳል። ሌሊት የምትነቃ ሰው ግን ይህ አይበቃትም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ትውሰድ። ፓፉ ላይ የተጻፈውን ማይክሮግራም ያንብቡ፤ 50 የሚል አለ፣ 100 የሚል አለ፣ 250 የሚልም አለ። "ሁለት ሁለት ጊዜ" ብሎ መጻፍ ብቻውን ትርጉም የለውም። ከነፋች በኋላ አፏን ተጉመጥምጣ ትትፋ፣ አለዚያ አፏ ውስጥ ፈንገስ ይወጣባታል። ከወር በኋላ ይዩዋት።

አቅሟ ፈቅዶ ቡዴሶናይድ ከፎርሞቴሮል ከከተማ ካገኘች በጣም ጥሩ። እሱ በየቀኑም ይወሰዳል፣ ሲያፍንም ያው እሱ ይነፋል። ባለ 160/4.5 የሆነው በአንድ ቀን ከ12 ጊዜ በላይ አይነፋም። አደራ፣ ከሳልሜቴሮል ጋር ከተደባለቀው ጋር እንዳይምታታብዎ። ሳልሜቴሮል ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ለመከላከያ ይሆናል፣ ላፈናት ሰዓት አይሆንም። ሁለቱም "ጥምር ፓፍ" እየተባሉ ስለሚሸጡ ፋርማሲ ላይ የሚለዋወጡበት ጊዜ አለ።

ሳልቡታሞሏን አይንጠቋት። ከነጠቋት ሌላ ቦታ ሄዳ ትገዛለች፣ ለእርስዎም መናገር ታቆማለች። ያ ክኒን፣ ቲኦፊሊን ከኤፌድሪን የተቀየጠው፣ ካለ ግን ያስቁሟት። ደግሞ ባፈናት ቁጥር የምትወጋውን ዴክሳ፣ የስቴሮይድ መርፌውን፣ ይቁጠሩ። ስቴሮይድ በክኒንም ሆነ በመርፌ በዕድሜ ዘመን አራት አምስት ዙር ሲሆን እንኳ ከአጥንት መሳሳት፣ ከስኳርና ከዓይን ሞራ ጋር ይያያዛል። ለወራት በፓፍ የምትስበው መጠን የአንድ ሳምንት ክኒን አያህልም። "ስቴሮይድ እፈራለሁ" ካለችዎ ይህን ይንገሯት።

የመጨረሻው፣ ምናልባትም ዋናው፦ እጇን ይዩ። "አጠቃቀሙን ታውቂዋለሽ?" አይበሏት፤ ሁሉም አውቃለሁ ይላል። "እስቲ አሳይኝ" ይበሏት። እኚያ ሹፌር አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸው ላይ ይነፉና ይውጡት ነበር። እኔ ጋ ስንት ዓመት ሲመላለሱ አንድ ቀን አሳዩኝ ብያቸው አላውቅም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ተማሪዎ ነበርኩ፣ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። አሁን ሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ያለን ኔቡላይዘር፣ መድኃኒቱን ወደ ጉም የሚቀይረው ማሽን፣ አንድ ነው። ስፔሰር፣ በፓፉና በልጁ አፍ መካከል የሚገባው ዕቃ፣ የለንም። የወረቀት ብርጭቆ ቀደን ነው የምንጠቀመው። ልክ ነን?

መልስ፦ ተማሪዬ ከነበርሽ አንቺ ልበልሽ። ብርጭቆውን ተዪው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከኬፕታውን የወጣ፣ ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት አለ። አስም የተነሳባቸውን ልጆች በአራት መንገድ አከሙ፦ በፋብሪካ ስፔሰር፣ በደንብ በታሸገ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ባልታሸገ ጠርሙስና በስታይሮፎም ብርጭቆ። የታሸገው ጠርሙስ ከፋብሪካው እኩል ሠራ። መጨረሻ የወጣው ብርጭቆው ነው።

አሠራሩ ይኸውልሽ። ግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ታጥቦ ይድረቅ። የብረት ሽቦ በፓፉ አፍ ቅርጽ አጥፈሽ አግዪውና የጠርሙሱን ቂጥ ብሺበት። የፓፉ አፍ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። ዙሪያውን በማስቲሽ ወይም በፕላስተር ዝጊው። አየር ካስገባ ድካምሽ ከንቱ ነው። ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው እንዳይስብ ቀድመሽ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ እጠቢውና በውሃ ሳታለቀልቂ፣ በጨርቅም ሳትወለውዪ ራሱ ይድረቅ። ሲደርቅ አፉ የሚነካበትን ጠርዝ ብቻ ጥረጊለት። ጊዜ ከሌለሽ መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ባዶውን ንፊበት።

አንዴ ትነፊያለሽ፣ ልጁ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። ፓፉን ነቅንቀሽ እንደገና አንዴ። አምስቱን አከታትለሽ ነፍተሽ "በል ሳበው" ማለት አይሆንም። ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ በየ20 ደቂቃው ከ4 እስከ 10 ፓፍ፣ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት። አምስትና ከዚያ በታች ለሆነ ከ2 እስከ 6። ከአራት ዓመት በታች ያለው ጠርሙስ መንከስ ስለማይችል ጭምብል ያስፈልገዋል። ኦክስጅንና ፕሬድኒሶሎን (በአፍ የሚወሰድ ስቴሮይድ) የሚያስፈልገው ልጅ ደግሞ ስፔሰሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ጎን ለጎን ይሄዳል።

"ኔቡላይዘሩ አይሻልም?" ብለው ወላጆች ይከራከሩሻል። ጭሱ ስለሚታይ ጠንካራ ይመስላቸዋል። በስፔሰር በትክክል ከተሰጠ ውጤቱ አያንስም። አንድ ሌሊት፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ የስድስት ዓመት ልጅ ኔቡላይዘር ላይ እያለ መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ እንቢ አለ። ክፍሉ ጸጥ ሲል የልጁ የትንፋሽ ፉጨት ብቻ ቀረ። የአባትየውን የሃይላንድ ጠርሙስ ነበር የበሳሁት። በሞባይል ባትሪ እያበራን ነፋንለት። መብራቱ የመጣው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። ጠርሙሱ መብራት አይፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፉጨቱ ድንገት ቢጠፋና ልጁ ዝም ቢልብሽ ተሻለው ብለሽ አትዘናጊ። አየር መግባት አቁሞ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሩጪ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፋርማሲስት ነኝ። "ፔኒሲሊን አለርጂክ ነኝ" የማይል ደንበኛ የለም ማለት ይቻላል። የልብ ሕመምተኞች በየወሩ የሚወጉትን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ደግሞ አንዳንድ ክሊኒኮች አንወጋም እያሉ ይመልሷቸዋል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው?

መልስ፦ ከፊሉ ተገቢ ነው፣ አብዛኛው አይደለም። አለርጂክ ነኝ ከሚሉት መካከል በአግባቡ ሲመረመሩ ከአሥሩ ዘጠኙ ፔኒሲሊንን ያለ ችግር ይችላሉ። በእርግጥ አለርጂ የነበረባቸውም ቢሆኑ ከ10 ዓመት በኋላ አብዛኞቹን ይተዋቸዋል። ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? ልጅ እያለ ትኩሳት ይዞት አሞክሲሲሊን ተሰጠው፣ ሽፍታ ወጣበት፤ ሽፍታውን ያመጣው ግን ቫይረሱ ነው። ወይ አስቀመጠው። ወይ እናቱ አለርጂክ ነበረች። ካርዱ ላይ አንዴ ከተጻፈ ማን ይሰርዘዋል?

ስለዚህ "አለርጂክ ነዎት?" ከማለት ይልቅ ታሪኩን ይጠይቁ። ምን ሆኑ? ከወሰዱ በስንት ደቂቃ? ስንት ዓመት ሆነው? ሆስፒታል ገብተው ነበር? ፊታቸው አብጦ፣ ተዝለፍልፈው ወይም ቆዳቸው ተላጦ ከነበረ ይቁም፣ ወደ ስፔሻሊስት ይላኩ። "ሆዴን አመመኝ" ካሉ ያ አለርጂ አይደለም። በመካከል ላሉት በአፍ ትንሽ ሰጥቶ መከታተል የሚባል አሠራር አለ። እሱ ግን ሐኪምና አድሬናሊን ያሉበት ቦታ የሚሠራ ነው፤ ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ አይሞከርም። ቤንዛቲኑን በጥብጦ ክንድ ላይ ጠብታ መውጋትም ሰውን ያረጋጋል እንጂ አያረጋግጥም።

የልብ ሕመምተኞቹ ነገር ያሳዝነኛል። የሩማቲክ የልብ ሕመም (የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተከትሎ ቫልቭ የሚያበላሸው) ያለበት ወጣት መርፌውን ሲያቋርጥ ቫልቩ ይበልጥ ይበላሻል። ከመርፌው በኋላ የሚያጋጥም ሞት አለ፣ አልክድም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ጉዳዩን አይቶ፣ ብዙዎቹ አለርጂ ሳይሆኑ በጣም የተጎዳ ልብ መርፌው የሚያስከትለውን ድንገተኛ የግፊት መውረድ ስላልቻለ ሳይሆን አይቀርም አለ። ስለዚህ ቫልቩ ክፉኛ የጠበበበት ወይም ልቡ የደከመ ሰው በክኒን ይቀጥል ብሎ መከረ። ለሌላው ደግሞ ቀላል ነገር፦ በባዶ ሆዱ አይወጋ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ተኝቶ ይወጋ፣ ከተወጋም በኋላ ጥቂት ይረፍ። ቆሞ ተወግቶ ወዲያው ታክሲ ለመያዝ የሚሮጠውን እኔም አይቻለሁ።

የሚወጋበት ቦታ ሁሉ ግን አድሬናሊን ይኑር። ተቆልፎበት ቁልፉ እማማ እገሊት ጋ የሆነ ሳይሆን፣ እጅ የሚደርስበት። አናፊላክሲስ፣ ሕይወት የሚያሰጋው ድንገተኛ አለርጂ፣ ሲመጣ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም፣ ማለትም ከአንድ ለአንድ ሺው ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ጭኑ ላይ በጎን በኩል ጡንቻ ውስጥ። ለልጅ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም። በ5 ደቂቃ ካልተሻለው ይደገም። በሽተኛው ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ። መጀመሪያ ሃይድሮኮርቲሶን የሚባለውን ስቴሮይድ ፍለጋ የሚሮጥ ባልደረባ አይታጣም። ሃይድሮኮርቲሶን ለመሥራት ሰዓታት ይፈጃል። ይህ በሽታ ደግሞ ሰዓታት አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነርስ ነኝ። የአምስት ወር ሴት ልጅ አለችኝ፣ ከባድ ኤክዜማ (የሚያሳክክ የቆዳ ቁጣ) አለባት። የሕፃናት ሐኪሟ ኦቾሎኒ በቶሎ መጀመር አለባት ይለኛል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ "ሁለት ዓመት ሳይሞላት እንዳትሞክሪ" እያለች በየቀኑ ትደውላለች።

መልስ፦ እህትዎ ያለችው የቀድሞው ምክር ነው። ዕድሜ ለለንደኑ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ተገለበጠ። መነሻው ቀላል ትዝብት ነበር። ለንደን ያሉ የአይሁድ ልጆች እስራኤል ካሉት ዘመዶቻቸው ይልቅ በኦቾሎኒ አለርጂ አሥር እጥፍ ገደማ ይያዙ ነበር። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ባምባ የሚባለውን የኦቾሎኒ መክሰስ ታውቁታላችሁ፤ ሕፃኑ ጥርስ ሳያወጣ ነው የሚጀምረው። ከዚያ 640 ሕፃናት ተመርጠው ግማሹ ቀደም ብለው እንዲበሉ፣ ግማሹ እንዲቆዩ ተደረገ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው፣ ሲጀመር የቆዳ ምርመራቸው ነጻ ከነበሩት መካከል የተከለከሉት 13.7 በመቶ፣ የበሉት 1.9 በመቶ ብቻ አለርጂ ኖረባቸው።

የእርስዎ ልጅ ከባድ ኤክዜማ ስላለባት ቤት ውስጥ ዝም ብለው አይጀምሩ። የአሜሪካው የ2017 መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ቀድሞ የደም ወይም የቆዳ ምርመራ ይደረግ ይላል። ከተፈቀደላት ለስላሳ የኦቾሎኒ ቅቤ በሞቀ ውሃ ወይም በወተትዎ አቅጥነው ይስጧት። ፍሬው ግን ያንቃል፣ እስከ አራት አምስት ዓመቷ አይሞከርም። ከጀመሩ አያቋርጡ፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ያህል ትብላ። ለእህትዎ ይህን መጽሔት ይላኩላት፣ ከስልኩ ያርፋሉ።

ጥያቄ፦ ባለሙያ አይደለሁም፣ ጎንደር የምኖር የቤት እመቤት ነኝ። አስም አለብኝ። ሐኪሙ ቡና አታፍዪ አለኝ። ቡና ከቀረማ ምን ቀረኝ?

መልስ፦ ቡናው ምን አደረገ! ካፌይን እንዲያውም ለጥቂት ሰዓት የአየር ቧንቧን ትንሽ ይከፍታል። መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። ጥፋተኛው ዙሪያው ያለው ነው፦ ከሰሉ፣ የቆላው ጭስና ዕጣኑ። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው ፍም ሲሆን ያስገቡት። ሌላ ሰው ይቁላልዎ። በርና መስኮት ይከፈት። እናቴ አስም አለባት። "ዕጣን የሌለው ቡና፣ ቡና ነው?" ብላ ሦስት ወር ተኮራርፈናል። በመጨረሻ የታረቅነው ዕጣኑ በረንዳ ላይ እንዲጨስ ነው። እሷ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ሽታው በሩቁ ይመጣላታል።

ለባለሙያዎቹ በዚያው አንድ ነገር ላንሳ። ሁሉን በጭስ ማሳበብ ይቀናናል። ጅማ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት ግን አስም ጭስ ከሞላበት ገጠር ይልቅ ከተማው ውስጥ በዝቶ አገኘው። እዚያው በ2001 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች የትንፋሽ ፉጨታቸው ያነሰ መሆኑን አሳየ። ትሉን ሆን ብለው ሰጥተው አስም ለማከም የሞከሩ አሉ፤ የረባ ለውጥ አላገኙም። የትል መድኃኒቱን፣ ሜቤንዳዞሉን፣ አትሸሽጉ።

እርማት፦ ባለፈው እትም ፓፍ ከተሳበ በኋላ ትንፋሽ "ለ2 ሰከንድ" ይያዝ ተብሎ ታትሟል። 10 ሰከንድ ነው፤ ካልተቻለ 5። የእጅ ጽሑፌ ነው ያሳሳታቸው። ስህተቱን ያገኙት ፌስታሉን ያመጡት ሹፌር ናቸው፤ በራሳቸው ሰዓት ቆጥረው ደወሉልኝ።